መሠረታዊ ገቢ ለሁሉም፣ ለተመረጡ ወይስ በሥራ? የገንዘብ ድጋፍ ዓይነቶችን ለማነጻጸር የሚረዳ መመሪያ

ለእያንዳንዱ ዜጋ፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል፣ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይከፈል የሚለው ሐሳብ ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ከምሁራን ውይይት ወጥቶ የመንግሥታት አጀንዳ ሆኗል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ለሕዝበ ውሳኔ አቅርባው ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ወደ 77 በመቶ የሚሆነው አልቀበልም ብሏል፤ ፊንላንድ በተወሰኑ ሰዎች ላይ ሞክራዋለች፤ በኬንያ ገጠር ደግሞ ለ12 ዓመታት እንዲቆይ የታቀደ ሙከራ ተጀምሯል። በእኛም አገር የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ፣ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እየተመነዘረ፣ የኑሮ ውድነቱም የደመወዝተኛውንና የቀን ሠራተኛውን ወገብ እየቆረጠ ባለበት በዚህ ጊዜ «ለድጎማ የሚወጣው ገንዘብ ለምን በቀጥታ ለሰው አይሰጥም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው መወሰን ላለባቸው ሰዎች ነው፤ በጀት ለሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ በወረዳ የማኅበራዊ ጥበቃ ሥራ ለሚመራ፣ የተወሰነ ገንዘብ ይዞ ወደ አንድ አካባቢ ለሚገባ ግብረ ሠናይ ድርጅት፣ እንዲሁም በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በፍራንክፈርት ተሰባስቦ ለትውልድ ቀየው ገንዘብ ለሚልክ ማኅበር። የሚያደናግረው ነገር ሁሉም አማራጭ «ድጋፍ» በሚል አንድ ስም መጠራቱ ነው። የሚያስወጡት ገንዘብ፣ የሚደርሱት ሰውና በጎረቤት መካከል የሚተዉት ስሜት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታትና ከእነርሱ ጋር የተጠቀሱት ወራት እ.ኤ.አ. ናቸው።

## በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ጥያቄው ወጪው ስንት ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ምንጩ በአምስተኛው ዓመትም ይኖራል ወይ የሚለው ጭምር ነው። ሰው በየወሩ የሚመጣለትን ገንዘብ ተማምኖ ብድር ይገባል፣ ልጁን ከተማ ልኮ ያስተምራል፤ ድጋፉ በድንገት ሲቋረጥ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው የስሕተቱ ዓይነት ነው። ማንኛውም ድጋፍ ወይ የማይገባውን ያስገባል፣ ወይ የሚገባውን ያስቀራል። እኔ ሁለተኛውን ስሕተት ከመጀመሪያው እጅግ አብልጬ እመዝነዋለሁ፤ ያልተቸገረ ሰው 1,000 ብር ቢያገኝ ገንዘብ ባከነ ይባላል፣ የተቸገረ ሰው ቢቀር ግን ሐምሌና ነሐሴን በባዶ ሆድ ያሳልፋል።

ሦስተኛው ገንዘቡ ከዓመት ዓመት የሚገዛው ነገር ነው። ይህ መመዘኛ በአገራችን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው ስለሆነ ከዚህ በታች ደጋግሜ እመለስበታለሁ። የቀሩት ሦስቱ፣ ድጋፉ በሥራ ላይ የሚያመጣው ለውጥ፣ የተቀባዩ ክብርና የመንደሩ ሰላም፣ በመጨረሻም ገንዘቡን ለማድረስ የሚያስፈልገው መታወቂያ፣ ስልክና ገበያ በአካባቢው መኖሩ ናቸው።

## ለሁሉም ሰው፣ በየወሩ

ይህ የሐሳቡ ንጹሕ መልክ ነው። ማንም አይመረጥም፣ ማንም አይጠየቅም። ስለዚህ በሁለተኛው መመዘኛ አቻ የለውም፤ የሚቀር ችግረኛ የለም። ማንም ማንንም ስለማይመሰክርበት ለመንደር ሰላምም የተሻለ ነው። ፈተናው በመጀመሪያው መመዘኛ ላይ ይመጣል።

ስሌቱን እንሥራው። የኢትዮጵያን ሕዝብ ዝቅ አድርገን 120 ሚሊዮን ብንል፣ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 1,000 ብር በዓመት 1 ትሪሊዮን 440 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ለ2018 ዓ.ም. በጀት ዓመት የጸደቀው የፌዴራል መንግሥት በጀት 1 ትሪሊዮን 930 ቢሊዮን ብር ያህል ነው። ይህ ማለት ከበጀቱ ሦስት አራተኛው ለዚህ ብቻ ይውላል፤ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ፣ መንገዱ፣ ጤናው፣ ትምህርቱ፣ የዕዳ ክፍያው በቀረው አንድ አራተኛ ይሸፈናል ማለት ነው። ክፍያውን በወር ወደ 200 ብር ብናወርደው ወጪው 288 ቢሊዮን ይሆናል፣ ከበጀቱ 15 በመቶ ገደማ። ነገር ግን 200 ብር ሁለት ኪሎ ጥሩ ጤፍ አይገዛም። ስለዚህ መጠኑ ትርጉም ሲኖረው አቅም ያጣል፣ አቅም ሲኖረው ትርጉም ያጣል። አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ ይህን ስሌት በንግግር ማለፍ አይቻልም።

ለሁሉም የከፈሉ አገሮች ምንጫቸው ሌላ ነው። የአላስካ ግዛት ከነዳጅ ዘይት ገቢ ባቋቋመው ፈንድ ትርፍ ከ1982 ጀምሮ ለነዋሪው ሁሉ፣ ለሕፃንም ለሽማግሌም፣ በዓመት አንድ ጊዜ እኩል ገንዘብ ያከፋፍላል። እዚያም ቢሆን መጠኑ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፤ በ2022 ከ3,200 ዶላር በላይ የነበረው በ2023 ወደ 1,312 ዶላር ወርዷል። ሞንጎሊያ ከማዕድን ገቢዋ ለዜጎቿ ሁሉ ማከፋፈል በ2010 ጀምራ በ2012 አቁማዋለች።

ለእኛ ከሁሉም የበለጠ ትምህርት ያለው የኢራን ታሪክ ነው። ኢራን በታኅሣሥ 2010 የነዳጅና የዳቦ ድጎማን ቀንሳ በምትኩ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 455,000 ሪያል መክፈል ጀመረች። በወቅቱ ይህ ወደ 45 ዶላር የሚጠጋ፣ ለድሃ ቤተሰብ ከባድ ሚዛን ያለው ገንዘብ ነበር። መንግሥት ግን ቁጥሩን ከዋጋ ንረት ጋር አላሳደገውም። ሪያል ሲወድቅ ያው 455,000 ሪያል ከስምንት ዓመት በኋላ በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ከ5 ዶላር በታች ሆነ። ድጋፉን ማንም አልሰረዘውም፤ በየወሩ ይከፈል ነበር፣ ግን ቀልጦ አለቀ። ድጎማን በጥሬ ገንዘብ እንተካ የሚል ሁሉ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ይዞ ሊወጣ ይገባል፤ መጠኑ በየዓመቱ ከገበያ ዋጋ ጋር እንዲከለስ የሚያስገድድ ሕግ ከሌለ ልውውጡ ድሃውን ይጎዳል።

## ለሁሉም፣ ግን በዕድሜ ለተለዩ

በዚህ አማራጭ የሚመረጠው ድሃው አይደለም፤ የሚለየው ዕድሜ ነው። ዕድሜው 70 የሞላ ሰው ሁሉ፣ ወይም አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሁሉ ይቀበላል። ጎረቤት ኬንያ በ2018 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ሁሉ በወር 2,000 ሽልንግ መክፈል ጀምራለች፤ ዛንዚባር ከ2016 ጀምሮ ለተመሳሳይ ዕድሜ ትከፍላለች፤ ሞሪሺየስ ደግሞ የአረጋውያን አበልን ለሁሉም ያደረገችው ገና በ1958 ነው። ለሕፃናት ሲሆን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ቢቱዋሕ ለኡሚ የሚከፍላቸውን የልጆች አበል፣ በጀርመን የሚኖሩት ኪንደርጌልድን ያውቁታል። ሁለቱም የወላጅን ድህነት ሳይጠይቁ ለልጅ የሚከፈሉ ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ አንባቢያን መሠረታዊ ገቢን በተወሰነ መልኩ ቀምሰውታል ማለት ነው።

የአሜሪካ ምሳሌ ደግሞ ድጋፉ ሲመጣም ሲሄድም የሚሆነውን በግልጽ አሳይቷል። በ2021 የልጆች የግብር ተመላሽ ሰፍቶ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ለአብዛኞቹ ቤተሰቦች በልጅ 250 ወይም 300 ዶላር በየወሩ ሲገባ፣ በዚያ ዓመት የሕፃናት ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ሕጉ ሳይታደስ ሲቀር በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ተመለሰ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ጡረታ ያለው መንግሥት ወይም ድርጅት ቀጥሮት መዋጮ የከፈለ ሰው ብቻ ነው። አርሶ አደሩ፣ ጉልት ነጋዴዋ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ቤት የሠራች እናት ዕድሜ ሲጫናቸው የሚጠብቃቸው ልጅ ካለ ልጅ ነው። ከመቶ ሰው ሁለቱ 70 ዓመት አልፏቸዋል ብለን ብንገምት፣ ለ2.4 ሚሊዮን ሰው በወር 1,000 ብር በዓመት 28.8 ቢሊዮን ብር ይፈልጋል። ይህ ከፌዴራል በጀቱ 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ከባድ ነው፣ ግን የማይደረስበት አይደለም።

አስቸጋሪው ዕድሜን ማረጋገጡ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ አንድም አረጋዊ የልደት ሰርተፍኬት አለው ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ዕድሜ የሚቆጠረው «አብዮቱ ሲፈነዳ ሁለት ልጅ ወልጄ ነበር» እየተባለ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥሩን ይሰጣል እንጂ የተመዘገበውን ዓመት እውነት አያደርገውም። የሆነ ሆኖ፣ አንዲት እናት 68 ይሁኑ 71 ብሎ የሚሳሳት ሥርዓት፣ ማን ከማን ይበልጥ ደህይቷል ብሎ ከሚሳሳት ሥርዓት በእኔ ግምት በብዙ ይሻላል። ዕድሜ የሚያስቀይም ነገር የለውም።

## ለተመረጡ ድሆች

ገንዘብ ሲያጥር ሁሉም የሚያስበው ይህንን ነው፤ ለሁሉም መስጠት ካልተቻለ በጣም ለተቸገረው ይሰጥ ይባላል። በወረቀት ላይ ሚዛኑ ትክክል ነው። ብራዚል ቦልሳ ፋሚሊያ የተባለውን ፕሮግራሟን ከ2003 ጀምሮ በሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ድሃ ቤተሰቦች ስታደርስ የተደገፈችው በአንድ አገር አቀፍ የቤተሰቦች መዝገብ ላይ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡና ክትባት እንዲወስዱም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣለች። ሜክሲኮም በ1997 በተመሳሳይ መንገድ ጀምራለች። ያ ዓይነት መዝገብና በየመንደሩ የተዘረጋ ክሊኒክ በሌለበት ግን የመምረጡ ሸክም በቀበሌ ኮሚቴ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቀበሌ የሴፍትኔት ምልመላ ሲደረግ ተገኝቼ ነበር። ሰዉ ከዋርካ ሥር ተሰብስቧል፤ ጸሐፊው ስሞችን ከአንድ ያረጀ ደብተር ያነባል። ለጎጡ የመጣው ኮታ ከተመዘገበው ሰው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ስሟ ሳይጠራ ሲቀር ተነሣች። ሰብሳቢው፣ የገዛ አክስቷ ልጅ፣ «እቴ፣ ላም አለሽ ተብሎ ተመዝግቧል» አላት። «ላሟ የርቢ ናት፤ የኔ ወተቷ ብቻ ነው» አለች። ላሟ የማን እንደሆነች እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቅ ነበር። መስፈርቱ ግን የሚለው «ላም ያለው» ነበርና፣ ሰብሳቢው ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። ሴትዮዋ ግን ቀረች፤ በዚያው ዓመት አጨዳ ላይ በሰብሳቢው ደቦ ከቤቷ የመጣ ሰው እንዳልነበር ሰማሁ።

ይህን የማነሣው ኮሚቴዎችን ለመውቀስ አይደለም። ጎረቤቶች በሀብት ተቀራራቢ በሆኑበት መንደር፣ በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው ድሃ መካከል መስመር ማስመር ለማንም የማይቻል ሥራ ነው። መረጣ የሚያስወጣው ወጪ ሲሰላ የባለሙያው አበልና የፎርሙ ኅትመት ይቆጠራል፤ የተበጠሰው የደቦና የዕድር ገመድ አይቆጠርም። ምርጫ የግድ ከሆነ፣ መስፈርቱ በዓይን የሚታይና የማያከራክር ይሁን፤ ከባድ የአካል ጉዳት፣ ጧሪ የሌለው አረጋዊ፣ ወላጆቹን ያጣ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ። አቤቱታ የሚሰማውም ሌላ አካል ይሁን፤ የመረጠው ኮሚቴ ራሱ የቀረበበትን ቅሬታ ሲፈርድ ውጤቱ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው።

## በሥራ የሚከፈል

የኢትዮጵያ ልማታዊ ሴፍትኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በየዓመቱ በአስቸኳይ ጊዜ ልመና የሚሸፈነውን ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት አስቀድሞ በታወቀ ክፍያ ለመተካት ታስቦ ነው፤ በሰፋባቸው ዓመታት ወደ 8 ሚሊዮን ሰዎችን ደርሷል። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠግናል፣ ለዚህም በአንድ የቤተሰብ አባል ሒሳብ በወር የአምስት ቀን ክፍያ ያገኛል፤ መሥራት የማይችለው በቀጥታ ድጋፍ ይካተታል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ለጊዜው ከሥራ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወሩ መመሪያው ይፈቅዳል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በከተሞችም ተዘርግቶ፣ ጎሕ ሳይቀድ መጥረጊያ ይዘው አስፋልት የሚያጸዱ እናቶችን በአዲስ አበባ ማየት የተለመደ ሆኗል።

ውጤቱ ተጠንቷል። ለአምስት ዓመት ያህል በፕሮግራሙ የቆዩ ቤተሰቦች በዓመት ውስጥ የሚራቡባቸው ወራት ከአንድ ወር በላይ ቀንሰዋል። የተራቆቱ ተራሮች ላይ የተሠራው እርከንና የተተከለው ዛፍም የተቀባዩ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ሁሉ ሀብት ነው። ማኅበራዊ ተቀባይነቱም ከፍ ያለ ነው፤ ላቡን አፍስሶ የተቀበለ ሰው ተመጽዋች አይባልም፣ እሱም ራሱን እንደዚያ አያይም።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሥራው በራሱ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ልጅ አዝላ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የምትሸከም እናት የምታገኘው ክፍያ ከራሷ ማሳ ከምታጓድለው ጊዜ ሲቀነስ የሚተርፈው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ክፍያው የሚዘገይ መሆኑ ነው። የሰኔ ክፍያ በመስከረም ሲመጣ፣ ቤተሰቡ በመካከሉ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ወይም ፍየሉን ሸጦ ቆይቷልና ገንዘቡ ዕዳ መክፈያ ይሆናል። የገንዘቡ ትልቅ ድርሻ ከውጭ ለጋሾች መምጣቱም የመጀመሪያውን መመዘኛ ይነካል፤ የአሜሪካ መንግሥት በ2025 መጀመሪያ የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ይህ ሥጋት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም አይቶታል።

## እህልና የዋጋ ድጎማ

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። የነዳጅ ድጎማ ብዙ ለሚነዳ ብዙ፣ በእግሩ ለሚሄድ ጥቂት የሚሰጥ ነው፤ የትራንስፖርትና የእህል ዋጋን ስለሚይዝ ለድሃውም ይደርሳል፣ ግን በጣም ውድ በሆነ መንገድ ይደርሳል። በእህል የሚሰጥ ድጋፍ ደግሞ መጋዘን፣ መኪናና ጠባቂ ይፈልጋል። የሆነ ሆኖ እህል አንድ የማይነጠቅ ጥቅም አለው፤ ዋጋ ሲንር አይቀልጥም። ሴፍትኔት ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ሆኖ የተወሰነው ሦስት ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር ሲያድግ የእህል ዋጋ ግን ከዚያ እጅግ ርቆ ስለነበር፣ በፊት ገንዘብ ይሻለናል ይሉ የነበሩ ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ እህል ይሰጠን ማለት ጀመሩ። የ15 ኪሎ እህልና የ4 ኪሎ ጥራጥሬ ወርሃዊ ራሽን ዋጋው ቢለወጥም ጣሳው አይጎድልም። ገበያው በጦርነት ወይም በጎርፍ በተዘጋበት ቦታም ገንዘብ መስጠት ወረቀት መስጠት ነው።

## በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ጥቅል ገንዘብ

ኬንያ ውስጥ በሲያያና በቦሜት የተካሄደው ጥናት 295 መንደሮችን በአራት ከፍሏል፤ በ44ቱ ለእያንዳንዱ አዋቂ በቀን 75 ሳንቲም ዶላር ያህል ለ12 ዓመታት፣ በ80ው ያው ገንዘብ ለሁለት ዓመት፣ በ71ዱ 500 ዶላር ገደማ በአንድ ጊዜ፣ በቀሩት 100 ምንም። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በኋላ ሲታይ፣ ጥቅሉን የተቀበሉትና ለ12 ዓመት ቃል የተገባላቸው የራሳቸውን ሥራ በመክፈት ለሁለት ዓመት ብቻ በየወሩ ከሚቀበሉት ልቀው ተገኙ። በተለይ ደስ የሚያሰኘው ምክንያቱ ነው። የረጅም ጊዜ ተቀባዮቹ ወርሃዊ ገንዘባቸውን በእቁብ እያዞሩ ራሳቸው ጥቅል አድርገውታል። እቁብን ከልጅነቱ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ትርጉም ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ዕጣ የደረሳት ሴት ጥጃ ትገዛለች ወይም ቆርቆሮ ታለብሳለች፣ ገንዘቡ ነገም እንደሚመጣ የምታምን ከሆነ ብቻ ነው ግን እቁብ የምትገባው።

ጥቅል ገንዘብ መንደሩን ዋጋ ያስወድድበታል የሚል ፍርሃት አለ። በዚያው ሲያያ ከ10,000 በላይ ለሆኑ ቤተሰቦች 1,000 ዶላር ያህል በተሰጠበት ሌላ ጥናት የታየው የዋጋ ጭማሪ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ የተሰጠው እያንዳንዱ ዶላር በአካባቢው ኢኮኖሚ ከሁለት ዶላር በላይ እንቅስቃሴ ፈጥሯል። ይህ የሆነው ገንዘቡ ከውጭ ስለገባና ዕቃ ወደ አካባቢው መድረስ ስለቻለ ነው። መንግሥት ገንዘብ አትሞ ለአገር ሁሉ ቢያከፋፍል ውጤቱ እንዲህ አይሆንም።

## ሰው ሥራ ይተዋል ወይ?

ከሁሉም በፊት የሚነሣው ክርክር ይህ በመሆኑ ማስረጃውን ለብቻው ማየት ይገባል። ፊንላንድ በ2017 እና በ2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በወር 560 ዩሮ ያለ ቅድመ ሁኔታ ስትከፍል፣ ተቀባዮቹ ከሌሎቹ ሥራ አጦች ያነሰ አልሠሩም፤ እንዲያውም በጥቂት ቀናት በልጠዋል፣ ጭንቀታቸውም ቀንሷል። በአላስካ አጠቃላይ የሥራ መጠን አልወረደም፤ ሙሉ ቀን ያልሆነ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ቁጥር ግን ከፍ ብሏል። በኬንያ ሰዎች የቀን ሥራን ትተው ወደ ራሳቸው ንግድ ዞሩ እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም።

ተቃራኒ ማስረጃም አለ፣ መደበቅም የለበትም። በቴክሳስና በኢሊኖይ 1,000 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ለሦስት ዓመት በወር 1,000 ዶላር ሲቀበሉ፣ በሳምንት ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ የሥራ ጊዜ ቀንሰዋል። እኔ ከሁሉም የምወስደው፣ የሥራው መቀነስ ቢኖርም ትንሽ መሆኑንና ገንዘቡ ከተቀባዩ ገቢ አንጻር ሲያድግ የሚታይ መሆኑን ነው። በአገራችን ሊታሰብ በሚችለው መጠን፣ ማለትም የወር እህል በማይሞላ ገንዘብ፣ በሬውን የሚፈታ ገበሬ አላየሁም።

## ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ወጪና ምንጭ | ችግረኛው የመቅረቱ ዕድል | ዋጋ ሲንር | በሥራ ላይ | የመንደር ሰላም |
|---|---|---|---|---|---|
| ለሁሉም በየወሩ | ከአቅም በላይ፤ የተፈጥሮ ሀብት ፈንድ ይፈልጋል | የለም ማለት ይቻላል | ካልተከለሰ ይቀልጣል | ጉዳቱ ትንሽ | በጣም ጥሩ |
| በዕድሜ ለተለዩ ሁሉ | መካከለኛ፤ በደረጃ ሊጀመር ይችላል | በዕድሜው ክልል ውስጥ ዝቅተኛ | ካልተከለሰ ይቀልጣል | አይነካም | ጥሩ |
| ለተመረጡ ድሆች | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ካልተከለሰ ይቀልጣል | ትንሽ | ያስቀይማል |
| በሥራ የሚከፈል | መካከለኛ፤ በለጋሽ ላይ ያረፈ | መካከለኛ | ከፊል በእህል ከሆነ ይቋቋማል | የጋራ ሀብት ይፈጥራል | ጥሩ |
| እህልና የዋጋ ድጎማ | ከፍተኛ | እንደ አሰጣጡ | ይቋቋማል | አይነካም | መካከለኛ |
| ጥቅል ገንዘብ በአንድ ጊዜ | የሚታወቅና የሚያልቅ | እንደ አመራረጡ | በፍጥነት ስለሚውል አይጎዳም | የግል ሥራ ያስጀምራል | ለመንደሩ ሁሉ ከሆነ ጥሩ |

## ለማን የትኛው?

የአገር በጀት የሚያዘጋጅ ሰው ለሁሉም የሚለውን መርሕ ሳይጥል ከዕድሜ ቢጀምር ይሻላል። ከ75 ዓመት ጀምሮ፣ ከዚያ አቅም ሲፈቅድ ወደ 70 ዝቅ እያሉ መሄድ ይቻላል። ከጀመሩ በኋላ ሰው ከመቀነስ ይልቅ ዕድሜን ዝቅ ማድረግ የቀለለ ነው። በዚህ ላይ የማልደራደርበት አንድ ነገር ቢኖር በአዋጁ ውስጥ የመጠን ክለሳ አንቀጽ መኖሩ ነው። ክፍያው በየዓመቱ ከእህል ዋጋ ጋር ካልታየ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረጋዊቷ ለታክሲ ከምታወጣው ያነሰ ገንዘብ ለመቀበል ተሰልፋ ትገኛለች።

ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ሴፍትኔቱን ማፍረስ ስሕተት ነው። ያለውን ማሻሻል ይቀድማል፤ ክፍያ በጊዜው እንዲደርስ፣ ግማሹ በእህል ግማሹ በገንዘብ የመቀበል ምርጫ ለተጠቃሚው እንዲተው፣ መሥራት የማይችሉት ቁጥር በኮታ እንዳይታጠር። በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስልኩ በባል እጅ ከሆነ ገንዘቡም በባል እጅ ነውና፣ ሒሳቡ በሚስት ስም መከፈቱ ብቻ አይበቃም፣ ቁጥሩን ማን እንደሚያውቅ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የተወሰነ ገንዘብ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ይዞ የመጣ ድርጅት ወርሃዊ ክፍያ ባይጀምር ይመረጣል። የኬንያው ውጤት እንደሚያሳየው አጭር ዕድሜ ያለው ወርሃዊ ገንዘብ ከሁሉም ደካማው ነው፤ በልቶ ከማለፍ አልፎ አይሄድም። ያንኑ ገንዘብ ጥቅል አድርጎ መስጠት፣ ሲሰጥም ጥቂት ሰዎችን ከብዙ መንደሮች ከመልቀም አንድ ጎጥ ሙሉ ለሙሉ መያዝ የተሻለ ነው። የሚቀጥለው ጎጥ ለምን ቀረ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ያ ጥያቄ ግን ለድርጅቱ የሚቀርብ ነው፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የሚያነሣው አይደለም።

በውጭ አገር ያለ የተወላጆች ማኅበር ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ሁለት ነገር አለው፤ መንደሩን ያውቃል፣ ገንዘቡም በዶላር ወይም በዩሮ የተሰበሰበ ስለሆነ የብር መውደቅ ያን ያህል አይጎዳውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር የምመክረው በአንድ ቀበሌ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ የሆኑትን አረጋውያን ሁሉ፣ ልጃቸው ውጭ አገር ያለውንም የሌለውንም ሳይለይ፣ በዓመት አንድ ጊዜ መክፈል ነው። መጠኑን በብር አትወስኑት፤ «የአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ» ብላችሁ ወስኑት፣ በየዓመቱም ከአካባቢው ገበያ ዋጋውን ጠይቃችሁ ላኩ። ቃል የምትገቡት ለስንት ዓመት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ለተቀባዮቹ ንገሯቸው። የሚከፈልበትም ጊዜ ከሐምሌ ሳያልፍ ይሁን፤ ነሐሴ ላይ የደረሰ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በማሳ ላይ ያለ ሰብሉን አስቀድሞ በርካሽ የሸጠ ሰው ነው።